ሚስቴ በይፋ የታመመች ጊዜ

በዚህ አገር ምስጢር የሚባል ነገር የለም! አትሸወዱ። ያለው «ገና ይፋ ያልሆነ» ነገር ብቻ ነው። ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል፤ ጣጣው ሁሉ ያንን የታወቀ ነገር ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ማኅተም ይፋ ያደርገዋል የሚለው ላይ ነው። አልተዋጠላችሁም? እንግዲያው ሬዲዮናችሁን ክፈቱ። አንዱ መሥሪያ ቤት አንድ ነገር «ይፋ አደረገ» ይላችኋል። ምን ጉድ ይሆን ብላችሁ ጆሯችሁን ስትቀስሩ፣ ጎረቤታችሁ የዛሬ ስድስት ወር ጎመን እየቀነጠሰች የነገረቻችሁ ወሬ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ቃሉ ራሱ ሰው ይመርጣል። አለቃ ሲናገረው «ይፋ ማድረግ» ነው። ያንኑ ነገር በዚያው ቀን እኔ ስናገረው «ወሬ ማናፈስ» ይሆናል። ሚስት ስትናገረው «ጉድ ማውጣት»፣ ልጅ ሲናገረው «ማሳበቅ»፣ ጋዜጣ ሲጽፈው ደግሞ «ማጋለጥ» ይባላል… ሲቆይ «ስም ማጥፋት» ተብሎ ክስ ይመሠረትበታል። ነገሩ አንድ፣ ስሙ ስድስት! ይፋ የማድረግ ሥልጣን ለእንደኔ ዓይነቱ አይሰጥም። አንድ ጊዜ ብቻ በስሕተት እጄ ገባና የሠራሁትን ላውጋችሁ።

ዘመኑ ሞባይል ስልክ ሚዛን ተፈሪ ገብቶ፣ ኔትወርኩ ግን ገና መንገድ ላይ የነበረበት ጊዜ ነው። እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ባለቤቴ መሠረት ደግሞ ቴፒ አስተማሪ ናት። ሚዛንና ቴፒን ካርታ ላይ ብታዩአቸው በአንድ ጣት ይሸፈናሉ። ካርታው ግን ጭቃውን አያሳይም። እኛ ዘንድ ዝናብ ወቅት የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ ዘንቦ አልፎ አልፎ ያባራል። በዚያ ላይ መንገዱ ገና አስፋልት የሚባል ነገር አልደረሰውም።

ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ ሦስቱንም ዓመት የኖርነው ለየብቻ ነው። ወደ ቴፒው ቅርንጫፍ እንድዛወር ያመለከትኩበት ወረቀት አለቃዬ አቶ ገዛኸኝ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓመት ተኝቷል። በጠየቅኋቸው ቁጥር «እየታየ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ በየቀኑ ያዩታል። የሻይ ብርጭቋቸውን የሚያስቀምጡት እሱ ላይ ነው።

እኔም ሰው ነኝና አርብ ስድስት ሰዓት ሲሆን ውልቅ እላለሁ። ከዚያ ቅጥቅጡ አውቶቡስ ላይ ተሰቅዬ፣ አንዳንዴም እየገፋሁት፣ ቴፒ እገባለሁ። የምመለሰው ሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። የአርብ ከሰዓትንና የሰኞ ጠዋትን ፊርማ የግዥ ክፍሉ ሸምሱ ይፈርምልኛል። እንዲያውም ፊርማዬን ከእኔ ይልቅ እሱ አሳምሮ ስለሚፈርም፣ ሰኞ ከሰዓት ራሴ ስፈርም ተጭበርብሮ የሚመስለው የእኔው ነው።

ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የበሩ ዘበኛ ያውቃል። ጸሐፊያችን እትዬ አልማዝ ታውቃለች። አቶ ገዛኸኝማ ሐሙስ ሐሙስ ቢሯቸው ይጠሩኛል።

«ደምሴ… እንግዲህ ወደዚያ ብቅ የምትል ከሆነ…»

«ምን ላምጣልዎ ጌታዬ?»

«ወይዘሮዋ ዝንጅብል አልቆባታል። ኮረሪማም ብታገኝ አትጠላም።»

«ወደዚያ» ወዴት እንደሆነ አልጠይቃቸውም፤ እሳቸውም በሥራ ሰዓት እንዴት «ወደዚያ» እንደምሄድ አይጠይቁኝም። ሰኞ የዝንጅብሉን ከረጢት ጠረጴዛቸው ሥር አኖራለሁ። እንዲህ ሆነን በሰላም እየኖርን ሳለ ግምገማ መጣ።

ግምገማን የማታውቁ ወጣቶች ካላችሁ፣ እንኳን አላወቃችሁት! ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ በየተራ እየተነሣ የገዛ ድክመቱን ይናገራል፤ ይህ ግለ ሂስ ነው። ከዚያ ሌሎቹ የረሳውን ያስታውሱታል፤ ይህ ሂስ ነው። በመጨረሻ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ብሎ ይቀመጥና ውጤት ይሰጠዋል። ዕድገትም ሆነ ዝውውር በዚያ ውጤት ነው። ስለዚህ ዐዋቂ ሠራተኛ ወደ ግምገማ ይዞት የሚገባው ድክመት ትንሽ፣ ንጹሕና ማንንም የማይነካ መሆን አለበት።

የእኛ መሥሪያ ቤት በዚህ በኩል የሚታማ አልነበረም። አንድ ዓመት አራት ሰዎች ተከታትለው «ድክመቴ ሰዓት አለማክበር ነው» ቢሉ አቶ ገዛኸኝ ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ እትዬ አልማዝ ከግምገማ በፊት ቤቷ ትሰበስበንና ድክመት ታከፋፍለናለች። «ሸምሱ፣ አንተ ዘንድሮ ግልፍተኛ ሁን። ዓይን አፋርነት ለዘበኛው። ንባብ አለመውደድ ለእኔ።» ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚሄስም እዚያው ይወሰናል። ሁሉም የድርሻውን ይዞ፣ ዳቦውን ገምጦ ይበተናል።

የዚያን ዓመት ግምገማው ሰኞ ሆነና ድልድሉ እሑድ ከሰዓት ተደረገ። እሑድ እኔ የት እንደምሆን ታውቃላችሁ! ሰኞ ደግሞ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ እምቢ አለ። ገፍተን ገፍተን፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ፣ የዝንጅብሉን ከረጢት አንጠልጥዬ አዳራሹ ስደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ቀስ ብዬ እትዬ አልማዝ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ የእኔስ ድክመት?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አልቋል።»

«እንዴት ያልቃል?»

«ያልመጣ ሰው ምን ላድርግለት! ሰዓት አለማክበርን ላንተ ብዬ ይዤልህ ነበር፤ አዲሷ የሒሳብ ሠራተኛ ወሰደችው።»

«እኔ በዚህ ጭቃ እያለሁ?!»

«ተናግራ ጨርሳለች፣ ምን ይደረግ።»

«ሌላ የተረፈ የለም?»

«ምቀኝነት ተርፏል። ማን ይወስደዋል!»

የባሰው ደግሞ አቶ ገዛኸኝ ስለ ግልጽነት የአሥር ቀን ሥልጠና ወስደው መመለሳቸው ነበር። ሥልጠናው ገና ትኩስ ስለሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር አንዴ «ይፋ» ይላሉ። «ድክመታችንን ይፋ እናውጣ! ይፋ ያልወጣ ችግር አይፈታም!» ተራዬ ደረሰና ተነሣሁ። ሱሪዬን አዩት። ከረጢቱንም አይተውታል፣ ግን ዓይናቸውን ቶሎ መለሱ።

«ደምሴ፣ አትፍራ። ቤቱ ግልጽነት ይፈልጋል። ይፋ አውጣው!»

ምን እንደነካኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድካሙ ይሆን፣ ጭቃው ይሆን… አፌን ስከፍት የወጣው እውነቱ ነው።

«እኔ… አርብ ከሰዓትና ሰኞ ጠዋት ሥራ ገብቼ አላውቅም።»

አዳራሹ ክው አለ! ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አይቼ አላውቅም። የሚገርማችሁ ከሁሉ ይበልጥ የደነገጡት ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት ናቸው። አርብ አርብ በሩን የሚከፍትልኝ ዘበኛ አፉን በእጁ ያዘ። እትዬ አልማዝ አማተበች። ሸምሱ በተሰጠው የግልፍተኝነት ድርሻ ብድግ ብሎ «ምን?! ታዲያ ፊርማህን ማን ነው የሚ…» ካለ በኋላ ትዝ አለውና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አቶ ገዛኸኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከአንተ አልጠበቅሁም ደምሴ። ለመሆኑ የት ነው የምትሄደው?»

አያችሁ፣ እዚህ ላይ የቀረችው አንዲት እርምጃ ናት። «ቴፒ» ካልኩ ቀጥሎ ፊርማው ይመጣል፤ ከፊርማው ቀጥሎ ሸምሱ ይመጣል። የሦስት ልጆች አባት ነው። ከሸምሱ ቀጥሎ ዝንጅብሉ ይመጣል። ሸምሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓ ላይ ነበር። አሳዘነኝ። ለራሴም አዘንኩ፤ ዝውውሬ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሲሞት ታየኝ። እናም…

«ባለቤቴ ታማብኝ ነው» አልኩ።

ይኼኔ አዳራሹ ነፍስ ዘራ። «ውይ! ውይ!» «ምነው ሳትነግረን!» «ሆዱ ውስጥ ይዞት ኖሯል!» ሸምሱ «እኔማ ጠርጥሬ ነበር» ብሎ ዓይኑን ጠረገ። እንባው እውነተኛ ነበር፣ ከእንጀራው ላይ መነሣቱ ቀርቶለታል። አቶ ገዛኸኝም መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና እፎይ ባለ ድምፅ «ይህ እንግዲህ የዲሲፕሊን ሳይሆን የማኅበራዊ ኑሮ ችግር ነው፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አሉ። እትዬ አልማዝ ስትተይበው ከአንጀቷ ስላዘነች «በጠና» የምትል ቃል ጨመረችበት። የመሠረት ስም ከነአባቷ «በጠና የታመሙት» ተብሎ መዝገብ ቤት ገባ። መዝግቤ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን የታመመ ሰው እየታወቀ ሳይጠየቅ ይቀራል እንዴ? በእኛ አገር? እዚያው አዳራሹ ውስጥ «ቅዳሜ ቴፒ ሄደን እንጠይቃት» ተባለ። አቶ ገዛኸኝ ብድግ ብለው ጨመሩበት፦

«በዓይናችን አይተን ሰኞ ዝውውሩን እፈርማለሁ!»

ሁለት ዓመት የተኛው ወረቀቴ ሊነሣ ነው! አሁን የቀረው መሠረት ልትተኛልኝ ብቻ ነው።

የመሠረትን ጠባይ የምታውቁ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ትስቁብኝ ነበር። ለዓመት በዓል እንግዳ እንኳ «ቤት የለችም በላቸው» ብላ አትዋሽም። ስልክ ለማግኘት ኔትወርክ ይገኝበታል የተባለ ኮረብታ ላይ ወጣሁ።

«መሲ፣ ቅዳሜ ታመሚልኝ።»

«ምን?»

«ታመሚ! ግማሽ ቀን ብቻ። ነጠላሽን ተከናንበሽ ትተኛለሽ፣ በቃ።»

«ደምሴ፣ ጠጥተሃል?»

«ዝውውሬ ነው! እንግዶች ይዤ…»

መስመሩ ተቋረጠ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ያ ኮረብታ ላይ ስወጣና ስወርድ ከረምኩ፤ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልተገኘም።

ቅዳሜ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ተጫንን። የጉዞ ማዘዣው ላይ ምክንያቱ «የመስክ ክትትል» ይላል። እትዬ አልማዝ አንድ ትልቅ ዳቦ፣ ሸምሱ አንድ ሳጥን ለስላሳ፣ አቶ ገዛኸኝ ደግሞ ሙዝ ይዘዋል። ልብ በሉ፣ ወደ ቴፒ ሙዝ! ተቀባይ የጠፋለት ሙዝ ባለበት አገር! መንገዱን ሙሉ ሰው ሁሉ የማጽናኛ ቃል እየመረጠ፣ እኔ ደግሞ በልቤ «አምላኬ፣ ጉንፋንም ቢሆን ይበቃኛል» እያልኩ ደረስን።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ «ጧ! ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማን። በሽተኛዋ ቀሚሷን ሽቅብ ሸብ አድርጋ፣ በመጥረቢያ ግንድ እየፈለጠች ነው።

ሁላችንም በር ላይ ቆምን። እሷም አየችን። መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰክታ ላቧን ጠረገች። በዚያች ደቂቃ ዝውውሬን በልቤ ቀብሬ ጨረስኩ። እትዬ አልማዝ ግን እጆቿን ዘርግታ ወደ እሷ ሮጠች።

«የኔ እናት! እንዴት ነው፣ ሻል አለሽ?»

መሠረት እኔን አየች። ዳቦውን አየች። ገባት። እሷ ዘንድ ነገር ለመግባት ጊዜ አይወስድም።

«እኔ ጤነኛ ነኝ እትዬ» አለች፣ ጥርት ባለ የክፍል ውስጥ ድምፅ። «አንድ ቀን አልታመምኩም።»

ከዚያ አቶ ገዛኸኝ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

«ጠንካራ ሰው እንዲህ ነው የሚለው።»

«አዎ» አለ ሸምሱ በችኮላ። «እናቴም እንዲህ ነበረች። ጤነኛ ነኝ፣ ጤነኛ ነኝ እያለች…»

«ኧረ እኔን እዩኝ!» አለች መሠረት። «ከጠዋት ጀምሮ እንጨት እየፈለጥኩ ነው!»

«አይዞሽ፣ ራስሽን አታድክሚ» ብላ እትዬ አልማዝ ክንዷን ደግፋ ወደ ውስጥ አስገባቻት። የመሠረት አንድ ክንድ የእትዬን ሁለት ያህላል።

ውስጥ ገብተን ዳቦው ተቆርሶ ለስላሳው ተከፈተ። መሠረት ተቀምጣ ሁላችንንም በየተራ አየችን፤ እያንዳንዳችን ወደ ጣሪያው አንጋጠጥን። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«አልታመምኩም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነው የምበላው። እንጨት የምፈልጠው የሚፈልጥልኝ ስለሌለ ነው። አቶ ገዛኸኝ፣ ዝንጅብሉ በየሳምንቱ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ፣ የደምሴ ወረቀት ለምን አልደርስ እንዳለ ይንገሩኝ።»

እንዲህ ዓይነት ነገር ይፋ ሲወጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ተለማምጄ አንዲቱን ቃል አልናገራትም። አቶ ገዛኸኝ ያጎረሷቸው ዳቦ አልዋጥ አላቸው። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ሚስቴ ሦስት ዓመት ይህን ይዛ እንደኖረች የሰማሁት ከሰው ጋር እኩል ነው።

«ሕመሙ ነው የሚያናግራት» አሉ በመጨረሻ አለቃዬ፣ በጣም በቀስታ። «ሰኞ እፈርማለሁ።»

ፈረሙም! እዚያ ላይ ውለታቸውን አልክድም። ሰኞ የዝውውር ደብዳቤዬ በማኅተም ወጣ፦ «ባለቤታቸው በጠና የታመሙባቸው በመሆኑ…»። ጓዜን ጠቅልዬ ቴፒ ገባሁ፤ ሁለት ሳምንት እንደ ሰው በቤቴ በላሁ። አንድ ነገር ግን ዘንግቻለሁ፣ ያውም የመዝገብ ቤት ሰው ሆኜ። በአገራችን ደብዳቤ ለአንድ ሰው ብቻ አይጻፍም፤ ከግርጌው «ግልባጭ» የሚል አለ። የእኔም ግልባጭ እንዲያውቁት ተብሎ ለመሠረት ትምህርት ቤት ደርሷል።

ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው። አነበቡትና ደነገጡ። በየቀኑ ያይዋታል፣ ስታስተምር ይሰሟታል፤ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት በጠና ታማለች ካለ ታማለች። «ለጤናዋ ሲባል» ስምንተኛ ክፍልን ከእጇ ወስደው ቤተ መጻሕፍት አስቀመጧት። እነዚያ ልጆች ቡና ሲደርስ ወደ ለቀማ ሲበተኑባት፣ በየማሳው እየዞረች አንድ በአንድ የመለሰቻቸው ናቸው። ፈተናቸው ደግሞ ሁለት ወር ቀርቶታል።

ቤት ገብታ አላለቀሰችም። አልተቆጣችም። «ተነሥ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለችኝ ብቻ። ሄደን ተሰለፍን።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለቻት ነርሷ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ምንም እንዳላመመኝ ጻፊልኝ።»

ነርሷ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቀና። «እኔ ነኝ የዋሸሁባት» አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አንዲት አሮጊት «ኤድያ!» አሉኝ፤ ይገባኛል። መሠረት ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ እጄን ያዘች። ነርሷ መርምራት ጻፈችላት፣ ማኅተምም አረፈበት።

ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን አንብበው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ዳነች!» አሉ። በማግስቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪውን አቁመው፣ መምህርት መሠረት ከጽኑ ሕመማቸው መፈወሳቸውን ይፋ አደረጉ። ጭብጨባው ቡና ማሳው ድረስ ተሰማ። ስምንተኛ ክፍልም ተመለሰላት። ከዚያም ሰው ደስታውን ብቻውን አይበላምና፣ ርእሰ መምህሩ ምሥራቹን በደብዳቤ ጽፈው ግልባጩን ሚዛን ለነበረው መሥሪያ ቤቴ ላኩ።

መልሱ በአሥር ቀን ደረሰ። ሁለት ዓመት አልጠየቀም፣ አሥር ቀን! «የዝውውርዎ ምክንያት የሆነው የባለቤትዎ ሕመም የተወገደ ስለሆነ፣ እንኳን ደስ አለዎት እያልን፣ ወደ ቀድሞ የሥራ ቦታዎ በአስቸኳይ እንዲመለሱ…»

ለመሠረት ሰጠኋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ግንባሯን ያዘች።

«ደምሴ፣ አሁን የእውነት አመመኝ» አለችኝ።

ማን ያምናታል? ጤነኛ መሆኗ በማኅተም ይፋ ሆኗል።